መልእክተኛውና አደራው

ስለ መተማመን ከሚነገሩት ተረቶቻችን ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይባላል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ይሁን እንጂ እነዚህን ተረቶች እየሰማ ያደገው ሕዝብ ኑሮውን የሚመራው ሌላውን በማመን ነው። ሽማግሌ ልኮ ሚስት ያጫል፤ ገንዘቡን ለዕቁብ ሰብሳቢ ያስረክባል፤ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ፣ የአባቱን ስም እንኳ ለማያውቀው ሰው፣ ለእናቱ የሚደርስ ፖስታ ያስይዛል። ለዚህ ሁሉ በቋንቋችን አንድ ቃል አለን፤ አደራ። አደራ ፊርማም ምስክርም ላይኖረው ይችላል። የበላው ሰው ግን «አደራ በላ» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ብዙ የለንም።

ዛሬ ይህን የቆየ ነገር የማነሣው ስለ አንድ አዲስ መልእክተኛ ለመነጋገር ብዬ ነው። ስሙ ፕሮክሲ ሰርቨር ይባላል። ብዙዎቻችን ስሙን ሳናውቅ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በእጅ ስልካችን ላይ እንገለገልበታለን። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ቃላችንን ተቀብሎ የሚያደርስልን ይህ መካከለኛ አደራ ተቀባይ ነው ወይስ አይደለም? ካልሆነስ እኛ ምን ማድረግ ይገባናል?

እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ አሁን በአሜሪካ ታክሲ እነዳለሁ። ሁለቱም ሥራዎች ግን ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ ነገር አስተምረውኛል።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። በኢንተርኔት የሚላክ ማንኛውም ጥያቄ መልሱ የሚመለስበትን የቁጥር አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ አድራሻ ከሌለ መልስ የለም። ስለዚህ እርስዎ አንድ ገጽ ለማንበብ ሲፈልጉ፣ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር ጥያቄው ከየትኛው አድራሻ እንደ መጣ ያውቃል። ፕሮክሲ ሰርቨር በዚህ መካከል የሚገባ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። እርስዎ ጥያቄዎን ለእሱ ይሰጣሉ፤ እሱ በራሱ አድራሻ ይጠይቃል፤ መልሱንም ተቀብሎ ለእርስዎ ያስረክባል። ቪፒኤን የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ተራው ፕሮክሲ ብዙውን ጊዜ የአንድ ፕሮግራምን ጉዳይ ብቻ ሲያደርስ፣ ቪፒኤን ግን ከስልክዎ የሚወጣውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ዘግቶ እስከ ራሱ ጣቢያ ድረስ መውሰዱ ነው።

በታክሲ ልመስለው። አንድ ሰው ደውሎ «እባክህ ከዚያ ሱቅ ይህን ዕቃ ገዝተህ አምጣልኝ» ቢለኝ፣ ባለ ሱቁ የሚያየው የእኔን ፊትና የመኪናዬን ታርጋ ነው። የላከኝን ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ሁለቱንም አውቃለሁ። ማን እንደ ላከኝ፣ ምን እንዳስገዛ፣ በስንት ሰዓት እንደ ጠራኝ፣ ቤቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውዬው ከባለ ሱቁ ተሰወረ እንጂ ከእኔ አልተሰወረም። የሚያየውን ዐይን ለወጠ እንጂ ዐይን አላጠፋም። ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህቺ ነጥብ ብትቀር ይበቃኛል።

ፕሮክሲ ሲፈጠር ክፉ ሐሳብ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1994 ድረ ገጽ በተወለደበት በጄኔቭ የሰርን የምርምር ማዕከል የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ጉባኤ ሲካሄድ፣ አሪ ሉኦቶነንና ኬቪን አልቲስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ስለ ፕሮክሲ የጻፉትን ጥናት አቅርበው ነበር። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአጥር የተከለለ የመሥሪያ ቤት መረብ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች በአንድ በር በኩል ወደ ውጭ እንዲደርሱ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ቁጠባ ነው። መስመሩ በጣም ቀርፋፋ በነበረበት በዚያ ዘመን ፕሮክሲው አንድ ጊዜ ያመጣውን ገጽ ቅጂውን አስቀምጦ፣ ያንኑ ገጽ ለሚጠይቀው ለሌላው ሰው ከጓዳው አውጥቶ ይሰጠዋል። አስተማሪ የነበረ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪዎቹ ስድሳ ሲሆኑ፣ መምህሩ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት አንድ ጊዜ አውጥቶ ዋናውን ነገር በሰሌዳ ላይ ይገለብጥላቸዋል።

ነገር ግን በአንድ በር የሚወጣና የሚገባ ሕዝብ በሩ ላይ ለቆመው ሰው ትልቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በረኛው መቁጠር ይችላል፤ መመዝገብ ይችላል፤ መከልከልም ይችላል። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንተርኔትን ለሕዝብ ስትከፍት የአገሪቱ መስመር በሪያድ በሚገኘው በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ ፕሮክሲዎች በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ያልተፈቀደው ገጽም እዚያው ይቀር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የተከለከለውን ገጽ ለማንበብ የፈለገ ሰው የሚጠቀመው ከአገር ውጭ ያለ ሌላ ፕሮክሲ ነው። እንግዲህ መቆለፊያውም መክፈቻውም ያው አንድ መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ «ፕሮክሲ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ «ዘበኛ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» እንደ ማለት ነው። መልሱ የሚገኘው «የማን ዘበኛ? ምን የሚጠብቅ? ማን የሚጠይቀው?» በሚሉት ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

ክልከላ ሁሉ በደል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ለኢንተርኔት ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት የማይገቡ ሥዕሎችን የሚያግድ ማጣሪያ እንዲያደርጉ ይገደዳሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2003 ሕጉን በቤተ መጻሕፍት ረገድ አጽድቆታል። ማጣሪያው አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ የማይገባውንም ያግዳል። ነገር ግን ሕጉ በአደባባይ የወጣ ነው፤ በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰውም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሄዶ ለሕጋዊ ሥራ እንዲከፈትለት ሊጠይቅ ይችላል። በር አለ፤ በረኛውም ስምና ፊት አለው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ብዙ የተቃውሞ ድረ ገጾችና የግል መጦመሪያ ገጾች አልከፈት አሉ። ባለ ሥልጣናቱ ሲጠየቁ «እኛ የዘጋነው ነገር የለም» የሚል ነበር መልሳቸው። በኢንተርኔት ቤት የተቀመጠው አንባቢ የሚያየው የማይከፈት ገጽ ብቻ ነው። መስመሩ ተበላሽቶ ይሁን፣ ገጹ ጠፍቶ ይሁን፣ ወይም ሆን ተብሎ ተዘግቶ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በሳዑዲ ዐረቢያው አሠራር ግን፣ ክልከላውን ብንቃወመውም፣ ለአንባቢው «ይህ ገጽ ተከልክሏል» የሚል ጽሑፍ ይወጣለት ነበር፤ ስሕተት ነው የሚል ሰውም ማመልከቻ የሚሞላበት ቅጽ ነበረው። የሚዋሽ ግድግዳ ሁለት ነገር ይሰርቃል። ገጹን ይወስዳል፤ ገጹ እንደ ተወሰደበት የማወቅ መብቱንም ይወስዳል። መከልከሉን የማያውቅ ሰው አቤት የሚልበት ነገር እንኳ የለውም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም ባሳተመው ድርሰት ውስጥ ለዚህ የሚሆን መመዘኛ ትቶልናል። ጠቅላላ ሐሳቡ ይህ ነው፤ የሌሎችን መብት የሚነካ ተግባር፣ በስተጀርባው ያለው ዓላማ በአደባባይ ቢነገር የማይጸና ከሆነ፣ ያ ተግባር ፍትሕ የለውም። ካንት አንድ ማሳሰቢያም ጨምሯል። በአደባባይ የተነገረ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም ጉልበቱ የበዛለት ሰው ዓላማውን መደበቅ አያስፈልገውም።

ይህ ማሳሰቢያ ለምን እንደሚያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ወጥቶ ፈተናው ተሰረዘ። በጁላይ ወር ፈተናው እንደገና ሲሰጥ መንግሥት ፌስቡክንና መሰሎቹን ለጥቂት ቀናት ዘጋ፤ ተማሪዎቹ ሐሳባቸው እንዳይበተን ነው ብሎም ተናገረ። በፈተና ክፍል ውስጥ ቆሜ ስንት ዓመት የጠበቅሁ ሰው ስለሆንሁ የተሰረቀ ፈተና ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሌሊቱን በኩራዝ ሲያጠና ያደረውን የድሃ ልጅ የሚጎዳ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ተማሪ ማስታወሻ ደብቆ ስለ ገባ የከተማውን መጻሕፍት ሁሉ የሚሰበስብ መምህር አላየሁም። ክልከላው በግልጽ መነገሩ መልካም ነው፤ ልኩ ግን አልነበረም። እንግዲህ ግልጽነት የመጀመሪያው መመዘኛ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን፣ ክልከላውን በፕሮክሲ ወደሚያልፈው ሰው እንምጣ። በአገራችን ይህ ትግል ረጅም ነው። ቶር የሚባለው መረብ የአንድን ሰው መልእክት በሦስት መካከለኞች አሳልፎ ያደርሳል። የመጀመሪያው ላኪውን ያውቃል፣ የሚሄድበትን አያውቅም፤ የመጨረሻው የሚሄድበትን ያውቃል፣ ላኪውን አያውቅም። አደራው ለሦስት ስለ ተከፈለ አንዱ ብቻውን ሊበላው አይችልም። ይህም መረብ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ የመስመሩን ውስጥ በሚመረምር መሣሪያ ተለይቶ እንደ ተዘጋ ባለቤቶቹ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ከሁለት መቶ በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ብዙዎቻችን ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቱብ እንደገና ተዘግተው እስከ ጁላይ ቆዩ፤ በእነዚያ ወራት ሕዝቡ ቪፒኤን የሚለውን ቃል እንደ እንጀራ ለመደው።

ይህን ማድረግ ጥፋት ነውን? የካንትን መመዘኛ ወደ ተጠቃሚውም እናዙረው። አንዲት እናት «ልጄ የላከልኝን ፎቶግራፍ ለማየት ነው» ብላ ለጎረቤቶቿ፣ ለቀበሌው፣ ለካህኑ ወይም ለሼኩ ሳታፍር ልትናገር ትችላለች። የምትደብቀው ቅጣት ስለምትፈራ ብቻ ነው። ፈተና ለመስረቅ ፕሮክሲ የሚጠቀም ተማሪ ግን፣ ቅጣት ባይኖር እንኳ ለጓደኞቹ ፊት ለፊት ሊናገረው አይችልም፤ ምክንያቱም የሚጎዳው እነሱን ነው። ሁለቱም በአንድ መሣሪያ ተሰውረዋል። አንዷ የተሰወረችው ከጉልበተኛ ነው፤ ሌላው የተሰወረው ከበደላቸው ሰዎች ነው። በእኔ አስተያየት የሥነ ምግባሩ ድንበር እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ጥፋት አለመሆኑ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ሦስተኛው ወገን፣ መልእክተኛው ራሱ፣ ገና አልተመረመረም።

በታክሲዬ የኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። ስለ ፍቺያቸው፣ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ገንዘባቸው በስልክ ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዱንም ወርጄ አላወራሁም። እንዳወራ የሚያስገድደኝም እንዳላወራ የሚከለክለኝም ሰው አጠገቤ የለም፤ ግን መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው አደራ ነው። ታርጋዬ በውጭ፣ ስሜና ፎቶግራፌ በውስጥ ተለጥፈዋል። ብበድል የሚጠይቀኝ አለ። በስልክዎ ላይ በነጻ የጫኑት ቪፒኤን ግን ታርጋው የት ነው?

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ ነበር። የዚህ ኩባንያ ነጻ ቪፒኤን የሰዎችን መረጃ እንደሚጠብቅ ይነገርለት ነበር፤ በተግባር ግን ሰዎቹ በስልካቸው የትኛውን ፕሮግራም ለስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙ እየሰበሰበ ለባለቤቱ የገበያ ጥናት ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት የኩባንያውን ሁለት ቅርንጫፎች በዚሁ ነገር 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉ ፈርዶባቸዋል። ሆላ የሚባለው ነጻ አገልግሎት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ደንበኞች መውጫ አድርጎ እንደሚሸጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰፊው ታወቀ። ይህም ማለት የማያውቁት ሰው በእርስዎ አድራሻ ወጥቶ የፈለገውን ሠርቶ ሊመለስ ይችላል፤ ዱካው ግን የሚያደርሰው ወደ እርስዎ ደጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

እውነት ነው፣ ዛሬ አብዛኛው ገጽ እንደ ታሸገ ደብዳቤ በቁልፍ ተዘግቶ ስለሚላክ መልእክተኛው ውስጡን ማንበብ አይችልም። ይሁን እንጂ ለማን እንደ ተላከ፣ መቼ እንደ ተላከና ምን ያህል እንደሚከብድ ያያል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃዋል። ማኅተሙንም ለመስበር የሚሞክሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በካዛክስታን ሰዎች በስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው ላይ አንድ የመንግሥት የምስክር ወረቀት እንዲጭኑ ታዘው ነበር፤ ይህም ደብዳቤው በመንገድ ላይ ተከፍቶ እንደገና እንዲታሸግ የሚያደርግ ነው። በቀጣዩ ወር ጉግል፣ ሞዚላና አፕል በፕሮግራሞቻቸው ውስጥ ያን የምስክር ወረቀት አገዱት። ስለዚህ ማንም ሰው «ይህን የምስክር ወረቀት ጫን» ቢልዎ፣ የቤትዎን ቁልፍ ቅጂ እንደ ጠየቀዎ ይቁጠሩት።

ይህ ሁሉ ለእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በዚያ አገር በዋትሳፕ መጻፍ ቢቻልም በድምፅና በምስል መነጋገር ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ቆይቷል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠቀሙበት ነጻ ቪፒኤን አለ፤ በእሱ ከእማዬ ጋር እየተያዩ ማውራት ይቻላል። ኃጢአት ነው እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ።

እናትን ማየት ኃጢአት እንዳልሆነ ነገርኋት። ቀጥዬም ይህን አልኋት። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ወንጀል ለመሥራት ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ አድራሻውን የሚሰውር ሰው በእስራት ወይም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ባንኮችና ኩባንያዎች ለሥራቸው ቪፒኤን ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ በአሠሪዋ መስመር የምትጠቀም የቤት ሠራተኛ ከባንክ እኩል ተከራክራ ትረታለች ብዬ መምከር አልችልም። በዚያ ላይ የነጻው መልእክተኛ ባለቤት ማን እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ በአገሩ ፈቃድ ያለውን የመደወያ አገልግሎት እንድትይዝና ክፍያውን እኔ እንድልክላት ተስማማን። ይህን የጻፍሁት ደግነቴን ለማሳየት አይደለም። ምክር ሰጪ ከአደጋው ወይም ከወጪው አንድ ድርሻ ሊሸከም ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በውጭ የምንኖር ብዙዎች አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችን «ቪፒኤን ጫኑ» እያልን በአንድ ቃል እንጽፍ ነበር። የትኛውን? የማንን? ቢያዙስ ማን አብሯቸው ይቆማል? ከሩቅ ሆኖ ድፍረት ማስተማር ቀላል ነው።

የዚህ መልእክተኛ ወሰንም መታወቅ አለበት። ፕሮክሲ የተዘጋ በር ያልፋል እንጂ የተቆረጠ መንገድ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮም በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ሲጠፋ፣ የትኛውም ፕሮክሲ ማንንም ከእናቱ ጋር አላገናኘም። ስለዚህ ብልሃት የመብት ምትክ አይሆንም። በጓሮ በር መግባት የለመደ ሰው የፊት በሩ እንዲከፈት መጠየቅን እንዳይረሳ እሰጋለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመካከል የሚቆም ሳይኖር መኖር አይቻልም፤ ኢንተርኔት ራሱ የመካከለኞች ሰንሰለት ነው። የሚቻለው አደራ የሚቀበለውን ከማይቀበለው መለየት ነው። አደራ ተቀባይ ስሙንና አገሩን ይናገራል፤ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚመዘግብ አስቀድሞ ይገልጻል፤ ቢበድል የሚከሰስበት ፍርድ ቤት አለው፤ እንጀራውን ከምን እንደሚያገኝም ይታወቃል። እነዚህን የማይመልስ መልእክተኛ፣ ነጻ ቢሆንም፣ የእናትዎን ፖስታ አያስይዙት። መንግሥትም ቢሆን፣ ኩባንያም ቢሆን፣ የሠፈራችን የኮምፒዩተር ዐዋቂ ቢሆን መመዘኛው ያው ነው።

ወላጆችም በቤታችን ማጣሪያ ስናደርግ ይህንኑ እንድናስብ አሳስባለሁ። ለልጁ «ይህን ዘግቻለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው፤ ስታድግ እንነጋገርበታለን» ብለን ብንነግረው፣ በስውር ከመዝጋት ይልቅ የተሻለ ነገር አስተማርነው ማለት ነው። በስውር የተዘጋበት ልጅ የሚማረው መደበቅን ነውና።

በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተለየ አስተያየት ያላችሁ አንባብያን፣ በተለይም በዐረብ አገሮች ያላችሁ እኅቶችና በሞያው የሠለጠናችሁ ወንድሞች፣ ሐሳባችሁን በዚሁ ገጽ ብታካፍሉን ሁላችንም እንማራለን። አደራ ከሚበላ መልእክተኛ ይሰውረን።